መርፌው ለየትኛው ራስ ምታት ነው?

ጥያቄው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ላለች የባንክ ሠራተኛ፣ አሜሪካ ያለች እህቷ «በወር አንዴ ሆዴ ላይ ራሴን እወጋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሆኛለሁ» ብላ በቴሌግራም ትልክላታለች። ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ግንባር የሚወጋ ሐኪም ቲክቶክ ላይ አይቶ ለእናቱ ያሳያል። ቡሬ አካባቢ ደግሞ ሚስቱ በራስ ምታት የተሰቃየችበት ገበሬ «በሬ ሸጬ አዲስ አበባ ላስወጋት ወይ?» ብሎ የተማረ ዘመዱን ያማክራል። የሁሉም ነገር አንድ ነው። ለማይለቅ ራስ ምታት መርፌ መጥቷል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?

እውነት ነው። የሚወራለትን ያህል ግን አይደለም። መርፌ ተብሎ ከሚወጋው ውስጥ አንዱ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያስታግሳል። ሌላው ገና ሳይመጣ ይከላከላል። ሌላው ደግሞ ከራስ ምታቱ ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም። ስለዚህ በሬው ከመሸጡ በፊት ሁለት ነገር መለየት አለበት፦ የራስ ምታቱ ዓይነትና በመርፌው ውስጥ ያለው ነገር።

ራሴን አመመኝ የማይል ሰው የለም። ቡና ሲዘገይ ያማል። ሁዳዴ ሲገባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ራሱን ይዞ ነው የሚያሳልፈው። አረቄ የታደረበት ጠዋትማ አይነሳ። ይህ ሁሉ ያልፋል። ሐኪሞች ሥር የሰደደ ማይግሬን የሚሉት ሌላ ነው። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስ ምታት አለ። እንዲህ ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ቆይቷል። ከቀናቱ ቢያንስ 8ቱ ደግሞ የማይግሬን ጠባይ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይወቅራል፣ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል። ዙሪያውን ጨምድዶ የሚይዘውና ማቅለሽለሽ የሌለው ሌላ ዓይነት ነው። አንድ ዓይን ላይ ተተክሎ ዕንባ እያፈሰሰ፣ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣው ክላስተር የሚባለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ለአንዱ የሠራ መርፌ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ከማስረጃው ሁሉ ሰው ቶሎ የሚዘነጋው ይህን ነው።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ከ2,300 በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት የጠየቀ ጥናት በዓመቱ ውስጥ ማይግሬን የያዛቸው ከ100 ሰው 18 ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚያማቸው ከ100 ሦስት ነበሩ። ሦስት ትንሽ ይመስላል። ጎጃምን በሚያህል አገር ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ማለት ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ድንገት እንደ መብረቅ የጀመረ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የመጣ፣ እጅ ወይም እግር ያሰነፈ፣ ዓይን ያደበዘዘ፣ ከወደቁ በኋላ የተነሳ ወይም እርጉዝ ሴት ላይ የመጣ ከሆነ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ መርፌዎቹ። ከምናውቀው እንጀምር።

ፍኖተ ሰላም ያለች አክስቴ የገበያ ቀን ሲደርስ ራሷን ያማታል። ፀሐይ ነው፣ ሸክም ነው፣ ሳትበላ መውጣቷም አለበት። ሻሿን አጥብቃ አስራ አንድ የግል ክሊኒክ ትገባለች። ወጣቱ ነርስ ያውቃታል።

«እማማ፣ ዛሬስ ክኒን ልስጥዎት?»

«ክኒኑማ እቤትም አለ የኔ ልጅ። መርፌዋን ውጋኝና ወደ ገበያዬ ልሂድ።»

ትንሿን ብልቃጥ አንገቷን ቀጭ ያደርጋል። ዲክሎፌናክ ነው፤ በ3 ሚሊ ሊትር 75 ሚሊግራም። ዳሌዋ ላይ ይወጋታል። አግዳሚው ላይ ትንሽ ጋደም ትልና ሻሿን ፈትታ እንደገና ታስራለች። ከዚያ ብድግ ብላ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ገበያ ትመለሳለች።

አክስቴ አልተሞኘችም። ዲክሎፌናክ የተነሳ ማይግሬንን ያስታግሳል። የሚያስመልሰው ሰው ክኒኑ ሆዱ ስለማይረጋለት መርፌ መውሰዱ ያስኬዳል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዲክሎፌናክ የነገውን ራስ ምታት አይከላከልም። የሚሠራው ለዛሬው ነው። ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ዳሌ ላይ ቦታው ከተሳተ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ የሚነካበት አጋጣሚም አለ። መርፌ ከተወጋ በኋላ እግሩን መጎተት የጀመረ ልጅ በየሰፈሩ ይነሳል፤ አንዳንዱ ወሬ ቢሆንም አንዳንዱ እውነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት መፍጠሩ ነው። ተራ ማስታገሻ የሚባሉትን፣ ማለትም ፓራሲታሞልን፣ አይቡፕሮፌንን፣ ዲክሎፌናክን፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር የወሰደ ማይግሬነኛ ራስ ምታቱ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣበቅበታል። እንደ ትራማዶል ላሉት ጠንካራ ማስታገሻዎችና ብዙ ነገር ለተቀላቀለባቸው ክኒኖች ገደቡ 10 ቀን ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ያማል፣ ሲያም ይወሰዳል፣ ሲወሰድ ይለምዳል። የሚቆጠረው ክኒኑ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። በሳምንት ሁለቴ የሚወጋና በመካከሉ ክኒን የሚውጥ ሰው ገደቡን ሳያውቀው ነው የሚያልፈው። ክሊኒኩም አይቆጥርለትም፤ ምክንያቱም ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ጋ ነው የሚወጋው።

ሌላም አለ። ራስ ምታት ይዞ የገባ ሰው ደም ይሰጥና «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል» ተብሎ ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ ለቀናት ሲወጋ ያላየ የለም። አገር ያወቀው ነገር ነው። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ከዓመት በፊት በታመሙትም፣ በሌላ ኢንፌክሽንም «አለ» ሊል ይችላል። ትኩሳት ሳይኖር ስድስት ወር የቆየን የአንድ ወገን ራስ ምታት ታይፎይድ ማለት ይከብዳል። ሴፍትሪያክሶን ጥሩ መድኃኒት ነው። ማይግሬን ላይ ግን ሥራ የለውም።

«ታዲያ እኔ ለምን ተሻለኝ?» የሚል ይኖራል። ማይግሬን ብዙ ጊዜ በ3 ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሰው የሚወጋው ደግሞ በጣም ሲብሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ መሻል እንጂ መባስ ብዙም አይቀረውም። በዚያ ላይ መርፌ መወጋት ብቻውን ያሽላል። ይህን ስል ቀልዴን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ሱማትሪፕታን የሚባለው የማይግሬን መድኃኒት በተሞከረባቸው ሙከራዎች ምንም መድኃኒት የሌለው ነገር የተሰጣቸውን ሰዎች ብቻ ለይቶ ተመለከተ። ባዶ ክኒን ከዋጡት ከ100 ሰው 26 ያህሉ በሁለት ሰዓት ቀለላቸው። ባዶ መርፌ ከተወጉት ደግሞ 32 ያህሉ። ማንም ምንም አልወሰደም። ስለዚህ የትኛውም አዲስ መርፌ ሲመዘን መወዳደር ያለበት ምንም ካልተደረገለት ሰው ጋር አይደለም። ባዶ መርፌ ከተወጋ ሰው ጋር ነው።

በዚህ ሚዛን ቦቶክስን እንየው።

ቦቶክስ ቦቱሊነም ከሚባል መርዝ የተሠራ ነው። መርዙን የሚያመነጨው ባክቴሪያ በደንብ ባልታሸገ ምግብ ውስጥ ይራባና ሰው ያሽመደምዳል። በጣም ጥቂቱ ሲወጋ ግን የተወጋበትን ጡንቻ ብቻ ያላላል። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓይን መንሸዋረር ነበር። በ1990ዎቹ የካሊፎርኒያ የውበት ሐኪሞች ግንባራቸውን ያስወጉ ደንበኞች «ራስ ምታቴም ተወኝ» ሲሉ ሰሙ። ከዚያ ሙከራው ቀጠለ። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ሙከራዎች ወደቁ፤ ምክንያቱም የተሞከረው አልፎ አልፎ በሚያማቸው ሰዎች ላይ ነበር። በመጨረሻ በወር 15 ቀንና በላይ የሚያማቸው ብቻ ተመርጠው ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተሠሩ። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በዚያው ዓመት አሜሪካና እንግሊዝ ለሥር የሰደደ ማይግሬን ፈቀዱት።

ቁጥሩን ቀስ ብለን እንየው፤ ሻጩ የሚሮጥበት ቦታ ስለሆነ። በሁለቱ ሙከራዎች 1,384 ሰዎች ነበሩ። ሲጀምሩ በ28 ቀን ውስጥ 20 ቀን ያህል ያማቸው ነበር። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ቦቶክስ የተወጉት 8.4 ቀን ቀነሰላቸው። ትልቅ ነገር ነው። የጨው ውሃ የተወጉትስ? 6.6 ቀን ቀነሰላቸው። የቦቶክሱ የራሱ ድርሻ እንግዲህ 1.8 ቀን ነው። አንዱ 20 ቀን ከመታመም ወደ 11.6 ወረደ፤ ሌላው ወደ 13.4። በሌላ መንገድ ሲታይ፣ የሕመም ቀናቸው በግማሽ የወረደላቸው በቦቶክስ ከ100 ሰው 47፣ በጨው ውሃ 35 ነበሩ። ከ100 ተወጊ 12ቱ ናቸው ቦቶክስ በመሆኑ የተጠቀሙት። ማስታወቂያው «ግማሹ ሰው ተሻለው» ይላል። አልዋሸም፤ ቀሪውን ዝም አለ እንጂ።

ለታመመ ሰው በወር ሁለት ቀን ትንሽ ነው ብዬ አላቃልልም። ሁለት ቀን ጤና ማለት ሁለት ቀን ሥራ፣ ሁለት ቀን ከልጆች ጋር ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቦቶክስ የተወጋ ሰው ግንባሩ አይጨማደድም። መስተዋት ያየ ሰው መድኃኒቱ እንደደረሰው ያውቃል። የጨው ውሃ የደረሰውም እንዳልደረሰው ይጠረጥራል። መሻል በራሱ በእምነት በሚታገዝበት በሽታ ላይ ይህ ልዩነት ከ1.8 ቀኑ የተወሰነውን ሊበላው ይችላል።

ኔዘርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሞከሩ። ማስታገሻ የሚያበዙ 179 ሥር የሰደደ ማይግሬን ያለባቸውን ሰዎች ያዙ። ሁሉም ማስታገሻቸውን በአንድ ጊዜ እንዲያቆሙ ተደረገ። ግማሾቹ ሙሉ የቦቶክስ ሕክምና ተሰጣቸው። ሌሎቹ ግንባራቸው ላይ ብቻ ጥቂት ቦቶክስ፣ የቀረው ላይ የጨው ውሃ ተወጉ። ስለዚህ የሁሉም ግንባር ለሰለሰ፤ በመስተዋት መለየት አስቸጋሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት ማስታገሻ ማቆሙ ሁለቱንም ቡድን እንደረዳ፣ ቦቶክሱ ግን በዚያ ላይ የረባ ነገር እንዳልጨመረ አሳየ። እኔ ስለዚህ መርፌ ካነበብኩት ሁሉ ለእኛ አገር ቅርብ የሆነው ይህ ነው፤ እዚህ የሚሰቃየው ሰው አብዛኛው ያው ማስታገሻ የሚያበዛው ነውና። ለነገሩ ማስታገሻን ባንዴ መተው ግዴታ ነው ወይ የሚለው ገና ያከራክራል። አሜሪካ ውስጥ በ720 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2022 የወጣ ሙከራ የመከላከያ መድኃኒት በደንብ ከተጀመረ የድሮውን ማስታገሻ እንደያዙ መቀጠልም ከመተው እኩል ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ማስታገሻ ብቻውን ማንንም አላዳነም።

ሌላም ትንሽ ሙከራ አለ፣ ከብራዚል። 72 ሥር የሰደደ ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ለሁለት ተከፍለው አንዱ ቡድን ቦቶክስ ተወጋ። ሌላው አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን አሮጌ ክኒን ዋጠ። የሕመም ቀናቸው ቢያንስ በግማሽ የወረደላቸው በቦቶክስ ከ100 ወደ 68፣ በክኒኑ 72 ነበሩ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። በዚህ ብቻ አዋጅ አይነገርም። ግን አሚትሪፕቲሊን ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ውስጥ ያለ መድኃኒት መሆኑን አትርሱ።

ቦቶክስ ጨምድዶ ለሚይዘው ራስ ምታትም ሆነ በወር ከ15 ቀን በታች ለሚመጣ ማይግሬን እንደማይረባ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በ2012 ተረጋግጧል። አንድ የቲክቶክ ነገርም ልጨምር። ለማይግሬን የሚወጋው ግንባር፣ ከጆሮ በላይ ያለው የራስ ጎን፣ የኋላ ጭንቅላት፣ አንገትና ትከሻ ላይ በ31 ቦታ፣ በጠቅላላው 155 ዩኒት፣ በየ12 ሳምንቱ ነው። ለቅንድብ መሐል መስመር የሚወጋው የውበት መጠን 20 ዩኒት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

እህቷ ሆዷን የምትወጋው መርፌ ግን ቦቶክስ አይደለም። ይህኛው አዲሱ ትውልድ ነው። ማይግሬን ሲነሳ ከፊትና ከጭንቅላት ነርቮች ሲጂአርፒ የሚባል ፕሮቲን ይለቀቃል። የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የሕመሙን መልእክት ያጎላል። ይህን የደረሱበት አራት ሳይንቲስቶች፣ ላርስ ኤድቪንሰን፣ ፒተር ጎድስቢ፣ የስ ኦሌሰንና ማይክል ሞስኮዊትዝ፣ በ2021 በአንጎል ጥናት ዘርፍ ትልቅ የሚባለውን የብሬይን ሽልማት ወስደዋል። መድኃኒቶቹ ፕሮቲኑን ወይም የሚያርፍበትን ቦታ የሚይዙ ናቸው። ኤሬኑማብ በግንቦት 2018፣ ፍሬማኔዙማብና ጋልካኔዙማብ በዚያው ዓመት መስከረም፣ ኤፕቲኔዙማብ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ከድሮዎቹ መከላከያዎች የሚለዩት ገና ከመነሻው ለማይግሬን ተብለው የተሠሩ መሆናቸው ነው። ከነሱ በፊት የነበሩት መከላከያዎች አብዛኞቹ ከሌላ በሽታ የተዋሱ ነበሩ፤ ከደም ግፊት፣ ከድብርት፣ ከሚጥል በሽታ።

ማስረጃቸው ከቦቶክስ የጠራ ነው፤ መጠኑ ግን ሲጠበቅ የነበረውን ያህል አይደለም። ኤሬኑማብ 667 ሥር የሰደደ ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር የማይግሬን ቀናቸው በወር በ6.6 ወረደ። ባዶ መርፌ የተወጉት በ4.2 ወረደላቸው። ልዩነቱ 2.4 ቀን። ሌሎቹም ሁለት ቀን አካባቢ ናቸው። በግማሽ የቀነሰላቸው በመድኃኒቱ ከ100 ሰው 40 ያህል፣ በባዶው 23። አማካዩ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ጥቂቶች ሕመሙ ፈጽሞ ይለቃቸዋል። ሌሎች ምንም አያገኙም። የባንክ ሠራተኛዋ እህት ከመጀመሪያዎቹ ሳትሆን አትቀርም፤ እህት ለእህቷ አትዋሽም።

እነዚህ መርፌዎች ከሁሉ በላይ ብልጫ የሚያሳዩት ሰውነት በቀላሉ ስለሚችላቸው ነው። ጀርመን ውስጥ 777 ሰዎች ላይ ኤሬኑማብና ቶፒራሜት የሚባለው ክኒን ፊት ለፊት ተወዳደሩ። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት በመርፌው ከ100 ሰው 11፣ በክኒኑ 39 ነበሩ። ቶፒራሜት የዋጠ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ቃል ይጠፋል፣ ጣት ይደነዝዛል። ኤሬኑማብም የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ግን የሚቻል ነው። ለእርጉዝና በቅርቡ ማርገዝ ለምታስብ ሴት አይመከሩም። አካል ውስጥ ለወራት ይቆያሉ።

ዋጋው ነው ችግሩ። ኤሬኑማብ ገበያ ሲወጣ የአሜሪካ ዋጋው በዓመት 6,900 ዶላር ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ በገበያ ሲተመን ይህ ምን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። አንድ ጥንድ በሬ አይበቃውም። ሌላም አለ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት ሄዶ ሁለት ቀን በሚቀርበት ከተማ፣ ከዘመድ ሻንጣ ወጥቶ በአውቶቡስ አባይን ተሻግሮ የመጣ መርፌ ሲደርስ ምን ያህል እንደቀረለት የሚያውቅ የለም። ዲያስፖራ ዘመድ ያላችሁ፣ ይህን ሳትጠይቁ አታስልኩ።

አሁን ከሁሉ ርካሹ። ከማጅራት በላይ፣ ከኋላ ጭንቅላት ጉብታ ትንሽ ወደ ጎን፣ ቆዳው ስር አንድ ነርቭ ያልፋል። እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሊትር ሊዶኬይን ይወጋል። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ማደንዘዣ ማለት ነው። አንዳንዴ ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ይቀላቀልበታል። የጭንቅላቱ ጀርባ ለሰዓታት ይደነዝዛል። ሕመሙ የሚለቃቸው ሰዎች ግን ከድንዛዜው አልፎ ለቀናት፣ ለሳምንታትም ይቆይላቸዋል። ኮምፒውተር አይፈልግም። ፍሪጅ አይፈልግም። ሊዶኬይኑ በየሆስፒታሉ አለ። የሚፈልገው የሠለጠነ እጅ ነው።

ማስረጃው ደግሞ ይጋጫል። በ2015 የወጣ አንድ የቱርክ ሙከራ 84 ሥር የሰደደ ማይግሬን ያለባቸውን ሰዎች በሳምንት አንዴ ቡፒቫኬይን የሚባል ሌላ ማደንዘዣ ወግቶ ከጨው ውሃ በደንብ የተሻለ ሆኖ አገኘው። በዚያው ዓመት የወጣ የአሜሪካ ሙከራ ግን 69 ሰዎች ላይ አንዴ ሞክሮ ምንም ልዩነት አላየም። በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 30 ያህሉ ነበሩ በግማሽ የተሻላቸው። የአሜሪካኖቹ ማወዳደሪያ ጥቂት ሊዶኬይን ነበረበት፤ ምናልባት እሱም ሠርቶ ይሆናል። የቱርኮቹ ደግሞ በየሳምንቱ ነው የወጉት። የክላስተር ራስ ምታት ላይ ግን ጥርጣሬው ይቀንሳል። ቤልጅየምና ፈረንሳይ የተሠሩ ሙከራዎች በዚህ ቦታ የተወጋ ስቴሮይድ ያን አስጨናቂ ሕመም እንደሚቆርጠው አሳይተዋል። ሌሊት ሌሊት ዓይኑን ይዞ የሚጮህ ወንድም ያለው ሰው ይህን ለሐኪሙ ያንሳ።

የኔ ሚዛን ወዴት እንዳጋደለ ሳይታወቅ አልቀረም። የጥበበ ግዮንም፣ የፈለገ ሕይወትም፣ የደብረ ማርቆስም ሆስፒታል ሐኪሞች ቢሠለጥኑበት ብዬ የምመኘው ይህን የነርቭ መርፌ ነው። ለጎጃም ሰው ግን መርፌ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ በወጉ መሞከር ያለበት የመከላከያ ክኒን ነው። «በወጉ» ያልኩት አውቄ ነው። አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። ለውጡ ለመታየት ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ያቆመዋል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል። ከዚያ ደግሞ ፋርማሲስቱ «ይህ የድብርት መድኃኒት ነው» ይላል። «ሐኪሙ እብድ አደረገኝ እንዴ?» ተብሎ ክኒኑ ይጣላል። ለማይግሬን የሚሰጠው መጠን ከድብርቱ በጣም ያነሰ መሆኑን የሚነግር ጠፍቶ ነው። ፕሮፕራኖሎልም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለማይግሬን መከላከያ ብሎ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያስቀመጠው። አስም ላለበት ሰው አይሰጥም። ቫልፕሮኤት የሚባለው የሚጥል በሽታ ክኒን መውለድ ለምትችል ሴት ለራስ ምታት ብሎ መስጠት ፅንስ ላይ መጫወት ነው። በነዚህ አሮጌ ክኒኖች ላይ የተሠሩት ጥናቶች እንደ አዲሶቹ መርፌዎች ትልልቅ አይደሉም፤ ሥር በሰደደው ዓይነት ላይማ ጥቂት ናቸው። የሚሟገትላቸው ኩባንያም የለም። ግን ሁለት ወር ሞክሮ ያልሠራ ክኒን የሚያስከፍለው ከአንድ የአዲስ አበባ ጉዞ ያነሰ ነው። ጸበሉንም የምትሄዱ ሂዱ፤ ክኒኑን ብቻ እዚያ አታቋርጡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አልሆነም እንበል። ሁለት ሦስት ክኒን በሙሉ መጠን ተሞክሯል፣ ማስታገሻው ቀንሷል፣ ራስ ምታቱ ግን ከወሩ ግማሽ በላይ ነው፣ ገንዘቡም አለ። እንግዲያው ቦቶክስ መሞከር የሞኝ ውሳኔ አይደለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ናይስም በ2012 የፈቀደው እንዲህ ላለው ሰው፣ ሦስት መከላከያ ሞክሮ ላልሆነለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ዩኒት፣ ስንት ቦታ እንደሚወጋ ጠይቁ። የሚወጋው የነርቭ ሐኪም ነው ወይስ የውበት ባለሙያ? መንገድ ሲዘጋጋ በየ12 ሳምንቱ ደጀንን ማለፍ እንደምትችሉም አስቡበት። ከመርፌው አንድ ወር አስቀድማችሁ የግድግዳ ካላንደር ላይ ያመማችሁን ቀን በእስክሪብቶ አጥቁሩ፤ መድኃኒት የወሰዳችሁበትን ቀን ክበቡት። ከሁለት ዙር በኋላ ያንኑ ቁጠሩ። የናይስ መመሪያ የሚያምበት ቀን ቢያንስ በ30 በመቶ ካልቀነሰ ይቁም ይላል። 20 ቀን የነበረው 14 ካልደረሰ ሦስተኛውን ዙር አትክፈሉ።